የደሴ ብርድ፣ ቴርሞስታቱ እና ከኮርኒስ የሚወርደው ነፋስ

ሳሎናችን በቅርቡ ማታ ማታ 19 ዲግሪ ላይ መርጋት ጀምሯል። ደሴን የማያውቅ ሰው «ይህ ምን ያስኩራራል?» ሊል ይችላል። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ከጦሳ ግርጌ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያደረ ሰው ግን ይረዳኛል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ወዳጆች ይህን ዘላችሁት እለፉ፤ እናንተ የሚያስፈልጋችሁ ማራገቢያ ነው።

አጀማመሩን በአጭሩ ልለፈው። አያቴ ከእኛ ጋር ይኖራሉ፤ ብርድ አይችሉም። ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት በቤቴ የተከለከለ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ስለዚህ ውስጡ ዘይት ያለበት፣ 2,000 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዛን። ሙቀቱ ግሩም ነው፤ ቆጣሪው ግን ያስደነግጣል። 2,000 ዋት በቀን 5 ሰዓት ከሠራ 10 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በወር 300 ማለት ነው። ታሪፋችን ደግሞ በእርከን የሚወጣ ስለሆነ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይጨምራል። የክፍሉን ሙቀት እየለካ ማሞቂያውን ሲያስፈልግ ብቻ የሚያበራ መሣሪያ፣ ማለትም ቴርሞስታት፣ መፈለግ የጀመርኩት የመጀመሪያው ወር ሒሳብ ከመጣ በኋላ ነው።

ስለ ምርጫው የማያወላውል አቋም አለኝ፦ መጀመሪያ ቮልቱን፣ ቀጥሎ አምፔሩን፣ የስልክ መተግበሪያውን በመጨረሻ እዩ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተገላቢጦሹን ነው። የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ዓይን የሚስብ ክብ ቴርሞስታት ይዞልኝ መጣ፤ እስካሁን ከነካርቶኑ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። የአሜሪካኖቹ አብዛኞቹ የተሠሩት የመላ ቤቱን ማሞቂያ በ24 ቮልት ለማዘዝ ነው። በእኛ ግድግዳ ውስጥ ያለው 220 ቮልት ነው፤ ቢያያዝ ትርፉ ማቃጠል ነው።

ለእኛ የሚሆነው ለወለል ማሞቂያ ተብሎ የሚሸጠው የቻይና ሥሪት ነው። እሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በመልኩ አንድ የሆነ ሳጥን በሦስት ዓይነት ይመጣል። ለሙቅ ውሃ ቫልቭ የተሠራው 3 አምፔር ብቻ ይችላል። ለጋዝ ቦይለር የሚሆነው ትእዛዝ ከመስጠት በቀር ለማሞቂያ የሚሆን ኃይል አያሳልፍም። ለኤሌክትሪክ ማሞቂያ የተሠራው 16 አምፔር ይችላል። 2,000 ለ220 ሲካፈል 9 አምፔር ያህል ስለሚሆን የወሰድኩት ሦስተኛውን ነው። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ቢላችሁ ጀርባውን ገልብጣችሁ አንብቡ።

ማሞቂያውም መመረጥ አለበት። በአዝራር የሚታዘዝና ቁጥር የሚያሳይ ዘመናዊ ማሞቂያ ብዙውን ጊዜ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ራሱን አጥፍቶ ትእዛዝ ይጠብቃል። ቴርሞስታት ደግሞ ሥራው ኃይል መቁረጥና መመለስ ብቻ ነው፤ ሁለቱ አይግባቡም። በእጅ የሚዞር ቁልፍ ያለው፣ ርካሽና ያረጀበት የሚመስለው ማሞቂያ ይበልጣል። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ታዞሩታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ውሳኔው የቴርሞስታቱ ነው። ሽቦው ግሎ የሚታየውን ዓይነት ግን ሰው በሌለበት በራሱ ከሚያበራ ነገር ጋር ፈጽሞ አታያይዙ። መጋረጃ አጠገቡ ካለ የቤት ቃጠሎ ነው።

መግጠሙ ብዙ አያስወራም። ብሬከሩን አውርዶ፣ ኃይል አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጦ፣ ፌዝ (ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ) እና ኒውትራል (የመመለሻውን ሽቦ) ወደ ቴርሞስታቱ ማስገባት፣ ከዚያ ፌዝና ኒውትራል ወደ ማሞቂያው ሶኬት ማውጣት ነው። የሶኬቱ የመሬት ሽቦ እንዳለ ይቀጥላል። የሚያስቸግረው አንድ ነገር ነው፤ በአብዛኞቹ ቤቶቻችን የአምፖል ማብሪያ ማጥፊያ ሳጥን ውስጥ ኒውትራል አይገኝም፣ ቴርሞስታቱ ደግሞ ያለ ኒውትራል አይነሣም። እኔ መስመር የሳብኩት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ካለው የሶኬት መስመር ነው። ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ማሞቂያ ማያያዝ ድፍረት ብቻ ነው።

አሁን ወደሚያናድደው ልምጣ። ቴርሞስታቱ በራ፣ 19 ላይ ሞላሁት፣ ከዚያ መዋሸት ጀመረ። ሶፋው አጠገብ ያስቀመጥኩት ተራ የመስታወት ቴርሞሜትር 17 ላይ ቆሞ ሳለ ግድግዳው ላይ ያለው አንዴ 16፣ አንዴ 20 ይላል። ማሞቂያው በርቶ ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል፣ ጠፍቶ ሳይቆይ ይበራል፤ ክፍሉ ግን አይሞቅም። ውስጡ ያለው ሪሌ፣ ማለትም ኃይሉን የሚያገናኘውና የሚቆርጠው ማብሪያ፣ በየጥቂት ደቂቃው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። አያቴ መቁጠሪያቸውን ይዘው ዚክር ሲያደርጉ ሰሙትና «ልጄ፣ ይህ ሳጥን አብሮኝ ይቆጥራል እንዴ?» አሉኝ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቡናውን ነው። ወሎ ቤት ቡና ከአቦል እስከ በረካ ረጅም ነው፤ ረከቦቱና የከሰል ምድጃው ደግሞ የሚቀመጡት ከዚያው ግድግዳ ሥር ነበር። «እማማ፣ ቡናውን ወደዚያኛው ጥግ ቢያዞሩልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። ቅር እያላቸው ተቀበሉ። ቡና ሲፈላ ቁጥሩ ይዘል የነበረው ቀረ፤ የሌሊቱ ቀጭ ቀጭ ግን እንደነበረ ቀጠለ።

መተግበሪያው ውስጥ ንባቡን በተወሰነ ዲግሪ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ አለ፤ ብዙዎች እሱን ነክተው ይገላገላሉ። ይህን መንገድ አልወደውም። አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች የሚሳሳትን መሣሪያ ቋሚ ቁጥር ደምራችሁ አታቀኑትም።

መልሱ የተገኘው ከሳጥኑ ጀርባ ነው። ብሬከሩን አውርጄ ቴርሞስታቱን ከግድግዳው ነቀልኩና ቁራጭ ሶፍት ወደ ሽቦው ቱቦ አፍ አስጠጋሁ። ሶፍቱ ተርገበገበ። ሽቦዎቹ የሚወርዱበት የፕላስቲክ ቱቦ ከኮርኒሱ በላይ አፉን ከፍቶ ተትቷል። ጥርት ባለ ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከውጭው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል። ከሥሩ ያለው ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ በቱቦው ወርዶ በቀጥታ የቴርሞስታቱን ጀርባ ይመታል፤ የሙቀት መለኪያው ሴንሰር ያለው ደግሞ እዚያው ውስጥ ነው። ማሞቂያው ሲበራ በተራው 9 አምፔር በዚያች ትንሽ ሳጥን ያልፋል፣ ሪሌውና የሽቦ ማሰሪያዎቹ ይሞቃሉ፣ ሴንሰሩም «ክፍሉ ሞቀ» ብሎ ያጠፋል። ከዚያ የኮርኒሱ ነፋስ ያቀዘቅዘዋል፣ እንደገና ያበራል። መሣሪያው የሚለካው የራሱን ሆድ እንጂ ሳሎናችንን አልነበረም።

መድኃኒቱ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ የቱቦውን አፍ በሲሊኮን ደፈንኩት። ጥጥና ጨርቅ የሚጠቀጥቁ አሉ፤ ከሚሞቅ የሽቦ ማሰሪያ አጠገብ የሚቀጣጠል ነገር ማስቀመጥ ለእኔ አይታየኝም። ሁለተኛ፣ ከካርቶኑ ውስጥ ብዙ ሰው የሚጥለው፣ ጫፉ ጥቁር የሆነ ቀጭን ሽቦ አለ። ለወለል ሥር የታሰበ የውጭ ሴንሰር ነው፤ በቅንብሩ ውስጥ «የውጭውን ብቻ ተጠቀም» ከተባለ ግን የክፍል ሙቀትም ይለካል። ሽቦውን ቀጥዬ ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን ወደሚለየው የውስጥ ግድግዳ ወሰድኩት፤ ከወለል አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ፣ ከበር፣ ከመስኮት፣ ከቴሌቪዥንና ከቡናው ርቆ ተሰቀለ። ሽቦ መቀጠል ንባቡን ያበላሻል ብለው የሚከራከሩ አይጠፉም። ይህ ዓይነቱ ሴንሰር ሙቀትን የሚለካው በኤሌክትሪክ መቋቋሙ ለውጥ ነው፤ መቋቋሙ በ25 ዲግሪ 10,000 ኦም ነው፤ በዚያ አካባቢ በአንድ ዲግሪ ከ400 ኦም በላይ ይለዋወጣል። ጥቂት ሜትር ሽቦ የሚጨምረው 1 ኦም እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል። አደጋው ሌላ ቦታ ነው፦ በርካሾቹ ቴርሞስታቶች የሴንሰሩ ሽቦ ከ220 ቮልቱ ያልተለየ ሊሆን ስለሚችል ቀጭን ነው ብላችሁ አትናቁት፤ እንደ ማንኛውም የመብራት ሽቦ በደንብ ይሸፈን።

ማሞቂያው በሚበራበትና በሚጠፋበት ሙቀት መካከል ያለውን ልዩነት 1 ዲግሪ ላይ አድርጌዋለሁ። ግማሽ ዲግሪ የሚመርጡ አሉ፤ ሪሌ የሚያልቀው በብዛት በመብራትና በመጥፋት ስለሆነ እኔ አላደርገውም።

ስለ «ብልህነቱ» እውነቱን ልናገር፤ ብዙም አልጠቀምበትም። ዋይፋዩ የሚያየው 2.4 ጊጋኸርዝን ብቻ ነው፤ 5 ላይ ያለ ራውተር አይታየውም። ሰዓቱ የፈረንጅ ስለሆነ የማታ 12 ሰዓት 18፡00፣ የንጋት 11 ሰዓት ደግሞ 5፡00 ሆኖ ነው የሚሞላው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኢንተርኔቱ ካልተመለሰ የሰዓቱ ነገር አስተማማኝ ስላልሆነ መርሐ ግብሩን አጥፍቼዋለሁ። ማታ 19፣ ስንተኛ 15 አድርጌ በጣቴ እነካዋለሁ። ለዚህ ለዚህማ ዋይፋይ የሌለው ርካሹም ይበቃ ነበር ለሚል መልስ የለኝም። እውነት ነው፣ ይበቃል።

ዋረን ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1883 የኤሌክትሪክ የክፍል ቴርሞስታት የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። ለዚያ ያነሣሣው የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ሙቀቱን ለማየት እየገባ ትምህርት ስለሚያቋርጥበት ነው ይባላል። እኛ ቤት ግን አያቴ አሁን ከቴርሞስታቱ አጠገብ አይርቁም። ቁጥሩን እያዩ ለጎረቤት ያውጃሉ፤ ከ19 በታች ከወረደም እኔን ይጠራሉ።

የቀረኝ ኮርኒሱ ነው። ቆርቆሮውና ኮርኒሱ መካከል ምንም የሚያግድ ነገር ስለሌለ ማሞቂያው የሚሰጠው ሙቀት ብዙው ወደ ላይ ያመልጣል፤ ቴርሞስታት ይህን አያድንም። ፎም ልዘርጋ ወይስ የመስታወት ሱፍ እያልኩ ዋጋ እያጠያየቅሁ ነው። ከዚህ በፊት የዘረጋችሁ ካላችሁ፣ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን አይጦቹን እንዴት እንደከለከላችሁ ጭምር ጻፉልኝ።