ክራሬን ይዤ ደሴ ገባሁ

ክራር መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አስተማሪዬ "ወደ ባቲ ቃኚው" ሲለኝ ክሮቹን አጠብቃለሁ፣ አላላለሁ። "አሁን ደግሞ አምባሰል" ሲለኝ እንደገና ከመጀመሪያው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ የወሎ ቦታዎች ስም መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ግን አንዱንም በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። በየሳምንቱ እየጠራኋቸው ሳላያቸው መቅረቴ ከነከነኝ። ሦስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩና የደሴ ትኬት ቆረጥኩ።

እሁድ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ተነሳ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ክራሬን ላይ ለመስቀል ፈርቼ ጉልበቴ ላይ አቀፍኩት። አጠገቤ የተቀመጡት ነጭ ኮፍያ ያደረጉ አባት ጨርቁን ነካ አድርገው "ሕፃን መስሎኝ" አሉና ቦታቸውን ጠበብ አድርገው ለክራሩም መቀመጫ ሰጡት።

ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ በላን። ብርዱ ሻይ ብርጭቆ ላይ እጅ የሚያጣብቅ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ግን ቶሎ አልረሳውም። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ፤ ጣሊያን በወረራው ጊዜ ያስቆፈረው ዋሻ ውስጥ ገብተን ስንወጣ መሬቱ ከስር የለም፣ ነጭ ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ጀመረ። ሾፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ ይዞታል፣ የፍሬን ሸራ ሽታ ውስጥ ድረስ ይገባል፣ ሲያወራ የነበረው ሁሉ ዝም ብሏል። እኔ የፊቱን ወንበር ጨምድጄ ይዣለሁ። አባባ ሳያዩኝ አልቀሩም፣ "አብሽሪ ልጄ፣ ይሄ መንገድ ስንቱን አሳልፏል" አሉኝ። አብሽሪ የምትለዋን ቃል ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሰማኋት። አይዞሽ ማለት ናት፣ ግን አይዞሽ ከሚለው ትንሽ ሞቅ ትላለች።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጋቢውም ሹራቡም ከላዬ ወረደ። ጠዋት ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ቆይቶ፣ እኩለ ቀን ሳይሆን፣ ላብ በላብ ሆንኩ ብል ማን ያምነኛል? አንድ መንገድ ነው፣ አንድ ጠዋት ነው።

ሰንበቴን ያገኘናት በገበያ ቀኗ ነው። "ስሟ እኮ ይነግርሻል፣ በሰንበት ነው የምትቆመው" አሉኝ አባባ። አውቶቡሱ በሰውና በፍየል መሀል እግረኛ ሆነ። ከቆላ የወጡ አፋሮች፣ አርጎባዎች፣ ኦሮሞዎች፣ አማሮች ሁሉም እዚህ ይገናኛሉ። አንዲት ሴት ጀርባዋ ላይ ልጅ፣ ራሷ ላይ ዘንቢል፣ እጇ ላይ ሁለት ዶሮ ይዛ በመስኮቴ ስር ስታልፍ ለሾፌሩ ቀስ በል ብላ በአገጯ ምልክት ሰጠችው። ሌላ በምን ትስጠው። ቆመላት።

ከከሚሴ ጀምሮ ቦርከና አብሮን ነው። ወንዙ ከደሴ በኩል ወርዶ ጨፋ ረግረግ ውስጥ ይተኛል፣ እኛ ደግሞ እሱ የወረደበትን ወደ ላይ እንወጣለን። ኮምቦልቻ ፋብሪካዎቿን በመስኮት አሳይታን አለፈች፤ እሷን ለመመለሻ አስቀመጥኳት። ከዚያ የሐረጎ ዳገት። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን ከ600 ሜትር በላይ ትወጪበታለሽ። መንገዱ ይታጠፋል፣ ደግሞ ይታጠፋል፤ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ኮምቦልቻ እየራቀች ታየኛለች፣ ቆርቆሮዎቿ ፀሐይ ላይ ያበራሉ። ጆሮዬ ተደፈነ። ምራቄን ዋጥኩ፣ ተከፈተ። አባባ ሳልጠይቃቸው መስኮቱን ዘጉልኝና "አሁን ልበሺ" አሉኝ። ደሴ ደርሰናል።

ሰዓቱ 10 ሆኗል። በስልክ ክፍል የያዝኩበት ሆቴል ስሄድ እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ ክፍሉን ለሰርግ እንግዶች እንደሰጡት ነገረኝ። ስም አስመዝግቤያለሁ፣ ጠዋት መንገድ ላይ ሆኜም ደውዬ አረጋግጫለሁ። በጣም ተናደድኩ። ለብቻዋ የመጣች ሴት በማታው ወዴት ትሂድ ብሎ የሚያስብ አልነበረም። ውጭ ቆሞ የሚጠብቀው ባለ ባጃጅ ፊቴን አይቶ "ምን ሆንሽ እህቴ?" አለኝ። ነገርኩት። "አብሽሪ፣ እናቴ የምታውቃቸው አሉ" ብሎ ወደ አንድ ትንሽ ፔንሲዮን ወሰደኝ። የቤቱ እመቤት ገና በሩን ሲከፍቱ የተናገሩት "ግቢ፣ ብርድ መታሽ" ነው። የዋጋ ነገር በኋላ መጣ።

ዕቃዬን አስቀምጬ ወጣሁ። ደሴ በአንድ ወገን ጦሳ ተራራ፣ በሌላው ወገን አዝዋ ገደል ይዘዋታል፤ ቀና ስትዪ ሁልጊዜ አንድ ጫፍ ይታይሻል። ጥላው ከጦሳ ቀስ እያለ ሲወርድ ብርዱም አብሮት ይወርዳል። ከመንገድ ዳር ተጨማሪ ሹራብ ገዛሁ። ከፒያሳ ሽቅብ ቁልቁል አልኩ፤ ትኩስ ሳንቡሳ በላሁ። ፒያሳ የሚለው ስም ጣልያንኛ ነው። የጣሊያን አውሮፕላኖች ኅዳር 26 ቀን 1928 ይህችን ከተማ በቦምብ ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ነበሩ። ስሙን እያነበብኩ ይህን ሳስብ ሳንቡሳው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

የከተማዋ የራሷ ስም ግን ደስታ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ደሴ አሏት ይባላል። ደስ የምትል ስም ናት።

መሸት ሲል ባጃጁ አይጠየፍ አደረሰኝ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። ከውጭ ብቻ ነው ያየሁት፤ ስሙ ግን ለብቻው አቆመኝ። አይጠየፍ። ማንም ሰው ማንንም ሳይጠየፍ አብሮ እንዲበላ። ያሠሩት ሰው ክርስትና ከመነሳታቸው በፊት ኢማም መሐመድ ዓሊ ነበሩ። በሁለቱም ቤት ያደረ ሰው ያወጣው ስም ነው ብዬ አሰብኩ። ባለ ባጃጁ ደግሞ "እኛ ቤት የአጎቶቼ ስም ግማሹ መሐመድ ነው፣ ግማሹ ገብሬ" አለኝ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ስመለስ ቡና ተፈልቷል። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ጎረቤትየዋ በሻሽ ላይ ሻርፕ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። አቦሉ ከመቀዳቱ በፊት እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፤ አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩት እመቤት "አሚን" አሉ፣ እኔም አሚን አልኩ። ቶናው ላይ እመቤቷ ጥግ የቆመውን ክራር አይተው "እስቲ አሰሚን" አሉ።

ባቲን ቃኘሁና ሁለት ዓመት የተማርኩትን ተጫወትኩ። ሁለቱም ዝም ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ ጎረቤትየዋ "ጎሽ ልጄ" አሉ፣ ቀጥለው ደግሞ "ግን ቸኮልሽ።" ሲኒያቸውን አስቀመጡና ዓይናቸውን ጨፍነው ዜማውን ያለ ቃል አንጎራጎሩት። እኔ ዘልዬው የማልፈው አንድ ድምፅ አለ። እሳቸው እዚያ ጋ ደርሰው ቆዩ፣ ትንፋሻቸው ሊያልቅ እስኪል ቆዩበት፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወረዱ። ጣቴን ያንን ክር ላይ አድርጌ ጠበቅኳቸው። ደገሙልኝ። ሦስተኛው ላይ አብሬያቸው ወረድኩ።

"የት ተማሩት?" አልኳቸው።

"ምን እማራለሁ፣ ባቲ ነው የተወለድኩት። ነገ ሰኞ አይደል? ገበያዋ ነው፣ ሄደሽ እያት።"

የነገው ዕቅዴ ሙዚየም ነበር። ለማክሰኞ አዛወርኩት። እመቤቷ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በሩን እንደሚያንኳኩልኝ ነገሩኝ፤ ኮምቦልቻ ወርጄ የባቲን ሚኒባስ እይዛለሁ። በረካው ተቀዳ። ክራሩን አልፈታሁትም፣ ባቲ እንደተቃኘ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት።