ከሽፋኑ ይልቅ የመሃሉ ወረቀት፦ ኢታሎ ዲስኮን ያወቅሁበት መንገድ

ኢታሎ ዲስኮ የተባለውን የጣሊያኖች የጭፈራ ሙዚቃ ያገኘሁት በጭፈራ ቤት ሳይሆን ሚላኖ ውስጥ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። የምንከባከባቸው ሲኞራ ምድር ቤታቸውን እንዳጸዳላቸው ጠይቀውኝ፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር አርባ የሚያህሉ ሸክላዎች የታጨቁበት ካርቶን አወጣሁ። «የልጄ ነው፤ ካልወሰድኸው ይጣላል» አሉኝ። እኔም ማጫወቻ እንኳ ሳይኖረኝ ተሸክሜው ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ማጫወቻ ተውሼ ባደመጥሁባቸው የመጀመሪያ ቀናት የተሰማኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ንቀት ነበር። ከበሮው የማሽን ነው፤ ቤዙ አንዱን ድምፅ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች እያዘለለ ሳያርፍ ይሮጣል፤ ዘፋኞቹ ጣሊያኖች ሆነው ሳለ በእንግሊዝኛ ይዘፍናሉ፤ የግጥሙም ቃላት ብዙ ጊዜ ቤት እንዲመቱ ብቻ የተሰበሰቡ ይመስላሉ። ከዚህም ሌላ «ሙዚቃችንን ኪቦርድ ገደለው» ሲባል እየሰማሁ ስላደግሁ፣ ማሽን ያለበትን ዘፈን ሁሉ ለተጫዋቾች ላለመክፈል የተደረገ ቁጠባ አድርጌ እቆጥረው ነበር።

ቁጠባ መሆኑስ አልቀረም። ዲስኮ እ.ኤ.አ. ከ1979 በኋላ በአሜሪካ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ የጣሊያን አዘጋጆች ለጭፈራ ቤቶቻቸው የሚሆነውን ራሳቸው ይሠሩ ጀመር፤ ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥረው ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽንም ኦርኬስትራ ሳይቀጠር በትንሽ ስቱዲዮ ለመሥራት አስቻላቸው። መንገዱን የጠረገው በሰሜን ጣሊያን፣ በደቡብ ታይሮል፣ በኦርቲሴይ የተወለደው አዘጋጅ ጆርጆ ሞሮደር ሲሆን፣ በ1977 ከአሜሪካዊቷ ዘፋኝ ከዶና ሰመር ጋር የሠራው «አይ ፊል ላቭ» ከሞላ ጎደል ሙግ በተባለው ሲንተሳይዘር ብቻ የተቀናበረ ነበር። ስሙ ግን ከጣሊያን አልመጣም፤ ዚክስ የተባለው የጀርመን ሸክላ አሳታሚ ከ1983 ጀምሮ ባወጣቸው ስብስቦች ላይ «ኢታሎ ዲስኮ» ብሎ ስለጻፈ ነው በየአገሩ የጸናው።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሆነ ነገር ነው። የጋዜቦን «አይ ላይክ ሾፓን» እና የራያን ፓሪስን «ዶልቼ ቪታ» አከታትዬ ሳደምጥ፣ በሁለቱም ውስጥ አንድ ዓይነት የሚያባባ ነገር ተሰማኝ፤ ምቱ ያስጨፍራል፣ በላዩ የሚሄደው የኪቦርድ ዜማ ግን ያዘነ ነው። ሸክላዎቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርጌ በመሃላቸው በተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳነብ፣ በሁለቱም ላይ፣ የዘፈኑ ደራሲዎች በሚጻፉበት ቅንፍ ውስጥ፣ ጆምቢኒ እና ማዞሊኒ የሚሉ ስሞች አገኘሁ። ማዞሊኒ ራሱ ጋዜቦ ነው። ሁለቱም ዘፈኖች የወጡት በዚያው በ1983 ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘፋኙን መከተል ትቼ በቅንፉ ውስጥ ያሉትን መከተል ጀመርሁ።

በዚህ የሙዚቃ ዓይነት ይህ ግድ ነው፤ ሽፋኑ ይዋሻልና። ዴን ሃሮው የሚለው የዘፋኝ ስም፣ ገንዘብ ማለት ከሆነው «ዴናሮ» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ጋር የተጫወተ ነው። በሽፋኑ ላይ የሚታየው መልከ መልካም ወጣት ስቴፋኖ ዛንድሪ ሲሆን፣ በታወቁት ዘፈኖቹ የሚሰማው ድምፅ ግን የአሜሪካዊው የቶም ሁከር ነው። እኔን ደግሞ ሽፋን ያታለለኝ በሌላ መንገድ ነው። በወሩ የመጨረሻ እሑድ በናቪሊዮ ግራንዴ ዳር በሚቆመው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ለአንድ ሸክላ 30 ዩሮ ከፍዬ ቤት ስደርስ፣ ከውስጡ የልጆች መዝሙር ወጣ። በተከታዩ ወር ሻጩ ጨርሶ አላወቀኝም። አሁን ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥቼ ወረቀቱን ሳላነብና ጭረቱን በብርሃን ሳላይ እጄን ወደ ኪሴ አልሰድም።

ሌላው ስህተቴ ግን ጠቅሞኛል። ባለ 12 ኢንቹ ሸክላ በደቂቃ 45 ዙር እንደሚሽከረከር ሳላውቅ፣ አንዱን ሁለት ሳምንት ሙሉ በ33 እያጫወትሁ ወድጄው ነበር፤ ምቱ የተጎተተ፣ ድምፁም ከጉድጓድ የሚወጣ ዓይነት። ኋላ ሳነብ፣ በጋርዳ ሐይቅ ዳር፣ በላዚዜ፣ ኮስሚክ በተባለው ጭፈራ ቤት ዲጄው ዳንኤሌ ባልዴሊ ይህንኑ ሆን ብሎ ያደርግ እንደነበር ተረዳሁ።

በዚህ መሃል የኃይሉ መርጊያን የ1985 ካሴት እንደገና አደመጥሁ። አሜሪካ ውስጥ የተቀዳው ይህ ሥራ አኮርዲዮንን ከከበሮ ማሽንና ከሲንተሳይዘር ጋር ያጣመረ ሲሆን፣ ቀድሞ ባንድ የጎደለው ይመስለኝ ነበር። አሁን ማሽኑ ሳይደክም አንድ ቦታ ሲረግጥ፣ አኮርዲዮኑ በላዩ እንደ ልቡ ሲመላለስ ይሰማኛል። ይህን ለመስማት በሰው አገር ምድር ቤት በኩል መዞሬ ትንሽ ያሳፍረኛል።

ከካርቶኑ ውስጥ አንድ ሸክላ እስካሁን አሸንፎኛል። ሽፋኑም የመሃሉ ወረቀትም ነጭ ነው፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ ከተጻፈ 116 ከሚል ቁጥር በቀር ምንም የለበትም። ቁጥሩ በደቂቃ የሚመታውን ምት የሚያመለክት መሆኑን ሰዓት ይዤ ቆጥሬ አረጋግጫለሁ። የማን ሥራ እንደሆነ ሲኞራ በስልክ ልጃቸውን ጠየቁልኝ፤ እሱም ረስቶታል።