ከዶራሌ ባሕር ዳር እስከ ቁልቢ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል። ግን «ለሰው ሁሉ እናገራለሁ» ብዬ ቃል ገብቻለሁና እነሆ።

የምንኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ጥር ላይ፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቴና ልጄ ሚጡ በባቡር ጅቡቲ ሄድን። የባለቤቴ ወንድም እዚያ ወደብ ላይ ይሠራል፣ ኑ ኑ ሲለን ዓመት ሆኖት ነበር። ሚጡ ዘጠኝ ወሯ ነው። ባሕር አይታ አታውቅም። ዶራሌ አሸዋው ላይ አስቀምጠናት ውሃው እግሯን ነካ አድርጎ ሲመለስ የሳቀችው ሳቅ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። አራት ቀን እንደ ሕልም አለፈ።

የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነበር። ዓርብ እዚያ የእረፍት ቀን ስለሆነ ባሕር ዳሩ በቤተሰብ ተሞልቷል። ጠዋት ላይ ሚጡን አንዴ አስመለሳት። «ጥርስ ልታወጣ ነው» አልን። ቀጥሎ ተቅማጥ ጀመራት። «ሙቀቱ ነው» አልን። እኔ ራሴ «አንድ ሰዓት ብቻ እንቆይ፣ ነገ ባሕር የለም» ያልኩት ቃል እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ባቡሩ የሚነሳው በማግስቱ ነው፣ ባለቤቴ ደግሞ ቅዳሜ ሥራ ነበረው። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በኮንትራት መኪና ተነሳን።

ሊመሽ ሲል የድንበሯን ከተማ ደወሌን አለፍን። ከዚያ እስከ ድሬ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ጥሩ አስፋልት ነው፣ ግራ ቀኙ ግን በረሃ ነው። ጡቴን ስሰጣት ትጎትታለች፣ ወዲያው ታወጣዋለች። ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ መኪናው ፈላ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣና ቆምን። ሹፌሩ ውሃ ጨመረበት፣ አልተነሳም። ስልክ አወጣን፣ ኔትወርክ የለም።

በስልኬ መብራት ልጄን አየኋት። ከንፈሯ ደርቋል። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቷል። ታለቅሳለች፣ እንባ ግን የላትም። ከቀትር ጀምሮ ሽንት አልሸናችም። እርግብግቢቷን ስዳስሰው ጣቴ ሥር ጎድጉዷል። ከዚያ ማልቀሷን አቆመች። ዝም ስትል ነው ጉልበቴ የከዳኝ።

እዚህ ላይ መናዘዝ ያለብኝ ነገር አለ። ከሚጡ በፊት ወንድ ልጅ ወልጄ ነበር። በሦስተኛው ቀን አረፈ። በእርግዝናዬ ወራት ሁሉ ለቁልቢ ገብርኤል ተስዬ ነበር፣ ለስለት የማስገባው የጥላ መግዣ ገንዘብ እንኳ በፖስታ ተቀምጦ ነበር። ልጁን ቀብረን ስንመለስ ፖስታውን ቀደድኩት። ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ከመላው ኢትዮጵያ የመጣ ምእመን በድሬ አልፎ ወደ ቁልቢ ይወጣል። እኔ መስኮቴን እዘጋ ነበር። እናቴ ራስ መኮንን ወደ አድዋ ሲዘምቱ ለገብርኤል ተስለው፣ በድል ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩ ስታወራ «ለራስ ይሰማል፣ ለእኔ አይሰማም» ብዬ መልሼላታለሁ። እግዚአብሔርን ተቆጥቼው ነበር። በእውነት ተቆጥቼው ነበር። ሚጡን ስወልድ እንኳ አልተሳልኩም፣ ፈርቼ።

እና ያን ሌሊት በአስፋልቱ ዳር ቆሜ መጸለይ አቃተኝ። «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ብዬ ጀምሬ የሚቀጥለው ጠፋኝ። እናቴ ከኋላዬ «የእግዚአብሔር መልአክ በሚፈሩት ሰዎች ዙሪያ ይሰፍራል፥ ያድናቸውማል» እያለች ትደጋግማለች። እኔ ግን ከሚፈሩት አልነበርኩም፣ ካኮረፉት ነበርኩ። በመጨረሻ ከአፌ የወጣው ይህ ብቻ ነው፦ «ጌታዬ፣ የምሰጥህ ነገር የለኝም። ጥላም የለኝም። ብታተርፋት ለሰው ሁሉ እናገራለሁ።»

ባለቤቴ የስልኩን መብራት እያወዛወዘ መሐል መንገድ ቆመ። አንድ የጭነት መኪና አለፈ። ሌላ አለፈ። አልፈርድባቸውም፣ በሌሊት በረሃ ላይ ማን ይቆማል? አምስተኛው ቆመ።

ሹፌሩ ጠና ያሉ የሐረር ሰው ናቸው፣ ሙስሊም። ልጄን አይተው ያሉኝ የመጀመሪያ ቃል «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» የሚል ነው። አይዞሽ፣ አትፍሪ ማለት ነው። ገብርኤል ለእመቤታችን «ማርያም ሆይ፥ አትፍሪ» ብሏት የለ? በዚያች ሰዓት ይህ አልታየኝም። የታየኝ በኋላ ነው።

ጋቢናው ውስጥ ለሁላችን ቦታ አልነበረም። ረዳቱ፣ ገና ልጅ እግር፣ ሳይጠየቅ ወረደና «ግቡ፣ እኔ ከባልሽ ጋር አድራለሁ» አለ። ወንድሜ፣ ይህ ከደረሰህ እግዚአብሔር ያክብርህ። ብርድ ልብስህን እንኳ ትተህልን ነው የወረድከው።

ጋሼ ከመቀመጫቸው ሥር ካርቶን አወጡ። ውስጡ ኦአርኤስ አለ፣ ያ በጤና ጣቢያ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚሉት። «ይህ መንገድ ሆድ ይዞ ስንቱን ጎድቷል፣ ያለዚህ አልወጣም» አሉ። አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ሃይላንድ በጠበጡት። እኔ ጓጉቼ በብዙ ሰጠኋት፣ ሁሉንም አወጣችው። ጮህኩ። እሳቸው ስድስት ልጅ አሳድገዋል፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። «አሥር ደቂቃ ጠብቂ። ከዚያ በክዳኑ፣ ጠብ ጠብ እያደረግሽ። ጡትሽንም አታቋርጪባት።»

በሃይላንድ ክዳን ትንሽ ቀድቼ ከንፈሯ ላይ አንጠባጥባለሁ። ጥቂት እጠብቃለሁ። እንደገና። እናቴ መብራት ይዛልኛለች። መኪናው ጭነት ስላለበት ይጎተታል። በየጊዜው ጋሼ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ «ጠጣች?» ይላሉ። «ጠጣች።» «አልሐምዱሊላህ።» እናቴ ደግሞ «ተመስገን» ትላለች። ስንት መቶ ጊዜ እንደተባለ እግዚአብሔር ይወቀው። አንዴ እጄ ዝሎ ክዳኑ ወደቀብኝ፣ እሱን በጨለማ ስፈልግ ያሳለፍኳት ደቂቃ ከዓመት ትረዝማለች። ከዚያ በኋላ ሚጡ ራሷ ምላሷን አውጥታ ክዳኑን ፈለገችው። አለቀስኩ። በዚያ ሌሊት መጀመሪያ ያለቀስኩት ያኔ ነው።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ድሬ መግቢያ ደረስን። ጋሼ ወርደው ባጃጅ ለመኑልን፣ ሒሳቡንም ከፈሉ። ሕክምና ቦታው ተረኛ የነበረችው ነርስ የልጄን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፣ ቶሎ አልተመለሰም። ደም ሥር ፍለጋ እጇ ላይ ሞከረች፣ እግሯ ላይ ሞከረች፣ በመጨረሻ ጭንቅላቷ ላይ አገኘች። ግሉኮሱን ከሰቀለች በኋላ «መንገድ ላይ ምን ሰጣችኋት?» አለችኝ። ነገርኳት። «እሱ ነው እዚህ ያደረሳት» አለች። እህቴ፣ ጠዋት ፈረቃሽ አልቆም ያልሄድሽው፣ ስምሽን እንኳ ሳልጠይቅሽ ቀረሁ።

የንጋት አዛን ሲሰማ ዳይፐሯ ረጠበ። እናቴ መሬት ላይ ተደፍታ ሰገደች። በሽንት የተደሰተ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ረፋዱ ላይ ባለቤቴ ከነአቧራው ደረሰ፣ በሩ ላይ ቆሞ መግባት ፈራ፣ እኔን እያየ። «ጠጣች» አልኩት።

የዚንክ መድኃኒቷን ለአሥር ቀን ወሰደች። የካቲት፣ ዓቢይ ጾም፣ ፋሲካ፣ ክረምት።

ሐምሌ 19 ቁልቢ ወጣሁ። ከዓመታት በኋላ። የደንገጎን ዳገት ስንጨርስ ብርዱ ተቀበለን፣ ቁልቢ ስንደርስ ዝናብና ጭቃ ነው። ዕለቱ የቅዱስ ቂርቆስና የእናቱ የኢየሉጣ ነው፣ ገብርኤል ከፈላ ውሃ ያወጣቸው። ካህኑ እናትየው የጋኑን ድምፅ ሰምታ እንደፈራች፣ የሦስት ዓመቱ ልጇ አትፍሪ እያለ እንዳጸናት ሲናገር «አብሽሪ» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ጥላ አልያዝኩም። ስላረፈው ወንድሟ ግን እዚያ ቆሜም እግዚአብሔርን ጠየቅኩት። እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። ግን አሁን የምጠይቀው እያወራሁት ነው፣ ኩርፊያው የለም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቼ ለጋሼ ደወልኩ። ጅቡቲ ወደብ ላይ ጭነት እየጠበቁ ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ፦

«ሚጡ ትጠጣለች?»

እናቴ ጎኔ ተቀምጣ ጠበሉን በሃይላንድ ክዳን ትሰጣታለች፣ ሚጡ ደግሞ ክዳኑን ትታ ጠርሙሱን ልትነጥቃት ትታገላለች።

«ትጠጣለች ጋሼ» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ።