ባዶ ሳህን አይመለስም

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ምክንያት የለውም። ነሐሴ ነው፤ ከጮቄ የወረደው ጉም ደብረ ማርቆስን እንደሸፈነ ረፈደ፣ ጉሙ ሳይገለጥ ዝናቡ ጀመረ፣ መብራቱም እንደ ልማዱ ሄደ። እንዲህ ባለ ቀን ሰው ወይ ይተኛል ወይ ሰው ያማል። እኔ የእናቴን የስፌት እንቅብ አወረድኩ።

ባለፈው ዓመት እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ አንድ ነገር ጀመርኩ፤ መዳፍ ላይ የምታርፍ ትንሽ ሙዳይ እየሰፉ መስጠት። ለማንም። የስፌቱ ሣር፣ ስንደዶ፣ የሚለቀመው መስከረም ላይ ስለሆነ አሁን እንቅቡ ውስጥ ያለው የአምናው ትራፊ ነው። በላዩ የሚጠመጠመው ሣር፣ አክርማውም፣ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ በገበያ ቀለም ተነክሮ አለላ የሆነ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ አንዱ ደግሞ ሐምራዊ ሊሆን ጀምሮ ሐሳቡን የቀየረ።

አክርማውን ውኃ ውስጥ አለሰልሰዋለሁ፤ ደረቁን ከሳቡት ጠቅ ብሎ ይበጠሳል። ጥቂት ስንደዶ በጣቴ ይዤ አክርማውን እጠመጥምበታለሁ፣ ያለፈውን ዙር በወስፌ እበሳለሁ፣ በቀዳዳው አሾልኬ ጠበቅ አደርጋለሁ። መብሳት፣ ማሾለክ፣ መሳብ። ሲጠብቅ ዙሩ ይጨማደዳል፤ ሲላላ ደግሞ የወፍ ጎጆ ይመስላል። አካሏ እንኳ ደግ ነው፤ ጭንቁ ክዳኗ ላይ ነው። ክዳን ከአፉ በጥቂቱ ብቻ ሰፋ ማለት አለበት። ከጠበበ አይገጥምም፣ ከሰፋ ይንሸራተታል። እናቴ በዓይኗ ለክታ ትጨርሰው ነበር። እኔ በየዙሩ እየከደንኩ አያለሁ፣ አይቼም እፈታለሁ። ዛሬ ወስፌው ሌባ ጣቴን ወጋኝ። ለበጎ ሥራ የፈሰሰ ደም ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁና ቀጠልኩ።

መስፋቱስ ይሁን፤ ያልሆነልኝ መስጠቱ ነው። መጀመሪያ ላይ የተመኘሁት ሰጪና ተቀባይ እንዳይተዋወቁ ነበር፤ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ይል የለ ወንጌሉ። አንዷን ባጃጅ ወንበር ላይ አስቀምጬ ወረድኩ። ሾፌሩ ጭቃውን እየረጨ፣ ጡሩምባውን እየነፋ እስከ በራችን ተከተለኝ። «እህቴ! እህቴ! ዕቃሽን ረስተሻል!» ያንተ ትሁን ብለው፣ «ኧረ እኔ የሰው ዕቃ አልወስድም» ብሎ ደንግጦ እጄ ላይ አኖራትና ዞረ። መንገደኛው ቆሞ ምን ጠፍቶባት ነው ይባባላል። እንደ ሌባ አንገቴን ደፍቼ፣ የራሴን ሙዳይ ይዤ ገባሁ። ሌላዋን አንድ ባንክ ቤት ወረፋ መጠበቂያ ወንበር ላይ ትቻት ነበር። ጥበቃው ሩቅ ቆሞ «የማን ነው ይህ?» እያለ ሲጮህ፣ ሰዉ ሁሉ ከወንበሩ ሲሸሽ፣ እኔም አብሬ ሸሸሁ።

ፊት ለፊት መስጠት ይሻላል ብዬ ለጎረቤታችን ለእትዬ ወሰድኩላት፤ ጉልበቷን እያመማት ከቤት አትወጣም። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፣ ሳመቻት፣ «እጅሽ ይባረክ፣ የኔ ልጅ» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ አበቃ ብዬ። በማግስቱ የልጅ ልጇ የሽምብራ ቆሎ በሳህን ይዞ መጣ። ፍልሰታ ነበር። ሳህን ደግሞ ባዶውን አይመለስም፤ ይህን የማያውቅ ጎጃሜ የለም። ዳቦ ጋግሬ በቁራጩ መለስኩት። ጾሙ ሲፈታ በአይብ መጣ። በቡና ሰደድኩት፤ በጎመን መጣ። አሁን ሳህኑ እኔ ዘንድ ነው። ምን እንደማደርግበት እያሰብኩ ነው የማድረው፤ ሙዳይዋን የሚያነሳት የለም።

ከመነኻሪያው በታች እሸት በቆሎ የምትጠብሰዋ ሴትማ ባሰች። ሙዳይዋን ከተቀበለች ወዲህ ገንዘቤን አትነካም። የማገላብጠው ሁሉ «ያንቺ ነው፣ ውሰጂ» ነው። እኔም ከሥራ ስወጣ በላይኛው መንገድ ዞሬ መሄድ ጀምሬአለሁ። ደግነት ካመጣብኝ ጣጣ ሁሉ ይህኛው ብቻ ለእግር ጥሩ ነው።

ብድር በምድር ነውና ነገሩ፤ ግን እውነት ብድር የሌለበት ስጦታ የለም? ይህን ሳሰላስል እንቁጣጣሽ ትዝ አለኝ። ወንዶቹ ልጆች ፀሐይና መልአክ፣ አደይ አበባም ስለው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ስጦታ ነው ይባላል እንጂ ልጁ ሥዕሉን ሰጥቶ አይሄድም፤ ይቆማል። ግድግዳ ያያል፣ ኮርኒስ ያያል፣ ሳንቲሙ እስኪመጣ። ታናሽ ወንድሜ በልጅነቱ ማን ስንት እንደሰጠው በልቡ ይይዝ ነበር። ያኔ ቆጥቋጣ ለነበሩት ጎረቤት (አሁን ነፍሳቸውን ይማር) በዓመቱ አንድ ክንፍ ብቻ ያለው መልአክ ወሰደላቸው። እርሳቸውም ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ለጠፉት፤ ክንፉ መጉደሉን ያየላቸው አልነበረም።

የሴቶቹ ይሻላል እል ነበር። በዋዜማው እንግጫ ነቅለው ይመጣሉ፤ ከአደዩ ጋር ይጎነጉኑትና በአባት በእናት ራስ ላይ ያኖሩታል፣ ምሰሶው ላይ ያስሩታል። ለሣር ጉንጉን ማን ሳንቲም ይጠይቃል? እኔም ነቅዬአለሁ፤ ጠል የነካው ሣር እጅ ላይ የሚተወውን ሽታ አሁንም አልረሳሁትም። ነገር ግን ጉንጉኑን አባቴ ራስ ላይ ካኖርኩ በኋላ እኔም እቆም ነበር። ምርቃቱን እጠብቃለሁ። «እደጊ፣ ተመንደጊ» ሳይባል ማን ይሄዳል? ከሳንቲሙ ይልቅ ውዱ ያ ነው።

ከዚህ በኋላ ሐሳቤ ወደ ቅኔ ሄደ። ለምን እንዳትሉኝ፤ ምናልባት የወሰደኝ እንቅቡ አጠገብ የተሰቀለው የአያቴ አኩፋዳ ነው። አያቴ በወጣትነታቸው በዋሸራ የቅኔ ቤት ቅኔ የቆጠሩ ሰው ነበሩ። ደበሎ ለብሰው፣ ውሻ እየከለከሉ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ የለመኑትን ቁራሽ በዚያች አኩፋዳ ይዘው ይመለሳሉ፤ ቀን ያሰላሰሉትን ደግሞ ለየኔታ ይነግራሉ። ቅኔ የተባለው አይደገምም። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት፣ ሁለት ስንኝ፣ ብቻ ነው። ሁለት ቤት ለማሳመር ሰው ጫካ ገብቶ ይውላል፤ ከዚያ በጉባኤ ፊት አንድ ጊዜ ይባልና ያበቃል። የሰማ ሰማ፣ ያመለጠው አመለጠው። ማኅተም የለው፣ ፊርማ የለው፣ የሚመለስ ሳህን የለው! በልቤ አገኘሁት አልኩ። ለማንም የሚሠራ፣ ዋጋ የማይጠየቅበት፣ ሙዳዬ ልትሆን የምትመኘው ነገር ይህ ነው።

ግን አንድ ነገር አስታወስኩ። ቅኔው ሲያምር ጉባኤው «ይበል!» ይላል። አያቴ በአንድ የማርያም ክብረ በዓል የተባለላቸውን ይበል እስከሚሞቱ ድረስ ያወሩት ነበር። ከታላላቆቹ ማን ማን እንዳለ፣ የትኛው መምህር ከመቋሚያው ቀና ብሎ እንዳያቸው፣ ሁሉንም። ቅኔውን ንገሩን ስንላቸው ግን ዝም ይላሉ፤ ጠፍቶባቸዋል። ሁለት ቤት ጠፍቶ ይበሉ ቀረ። እንግዲህ እርሳቸው እንኳ ከተከፈላቸው እኔ ማን ነኝና ሳህን የማልቀበለው?

ይህን ስጽፍ መብራት መጣ፤ የአክስቴ ልጅም ከመብራቱ ጋር ገባች። የዛሬዋን ሙዳይ አንስታ ገልበጥ ገልበጥ አደረገቻት፣ ክዳኗን ከፈተች፣ ዘጋች። «በስንት ትሸጪልኛለሽ?» አለችኝ። አይሸጥም አልኳት፤ ኮራ ብዬ። ለመስጠት ነው የምሠራው አልኳት። እርሷም «ታዲያ ለኔ ስጪኛ» አለች፤ እኔም ለሌላ ሰው የታሰበች ናት አልኩ። ያ ሌላ ሰው ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩትም። ጃንጥላዋን ዘርግታ ሄደች።

ከሄደች በኋላ ቁጭ ብዬ የአክርማውን፣ የቀለሙንና የድካሜን ደመርኩ። 400 ብር። ለዘመድ 350።