የጎተራ ጉጉት ብርዱን እንድትሻገር የሠራሁትና የተማርኩት

የጎተራ ጉጉትን በብርድ ወራት የሚገድላት ከብርዱ ይልቅ ረሃቡ ነው። ይህን የተረዳሁት በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ረግረጉ በቦይ ተጠንፍፎ እርሻ በሆነበት በካምብሪጅሽር ለጥ ያለ ሜዳ ላይ በእርሻ ሠራተኛነት ስኖር፣ በ2013 ማርች (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) አንዲት የሞተች ጉጉት ከጭድ መጋዘኑ ግድግዳ ሥር ወድቃ ባገኘሁ ጊዜ ነው። ያ ማርች በብሪታንያ ከ1962 ወዲህ ያልታየ ብርድ የነበረበት ወር ነበር። ወፏ ቁስልም ስብራትም አልነበረባትም። ደረቷን በጣቴ ስዳስሰው ግን ሥጋ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ የደረቷ አጥንት እንደ ቢላዋ ስለት ወጥቶ ተሰማኝ። ጤናማ የጎተራ ጉጉት እንኳ ክብደቷ ከ300 እስከ 360 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ይህችኛዋ በመዳፌ ላይ መኖሯም አይታወቅም ነበር።

ምክንያቱን ለማወቅ ባነበብኩና ከእርሻው ሰዎች ጋር በተነጋገርኩ ቁጥር ይህች ወፍ ለዚህ አገር አየር ያልተዘጋጀች መሆኗ ይበልጥ እየገባኝ መጣ። ዝርያዋ በአብዛኛው የሚኖረው ሞቃት በሆኑ አገሮች ነው፤ በእኛም አገር አለች፤ በስኮትላንድ የምትኖረው ደግሞ ወደ ሰሜን እጅግ ርቀው ከሚኖሩት መካከል ናት። ሰውነቷ የሚያከማቸው ስብ ጥቂት ስለሆነ ለተከታታይ ቀናት ሳታድን ከቆየች አቅሟ ያልቃል። ያለ ድምፅ እንድትበር የሚያስችላት ለስላሳ ላባ ውሃን በሚገባ ስለማይመልስ፣ ዝናብ ባለበት ሌሊት ወጥታ ማደን አትችልም። በረዶ ሲጥል ደግሞ የምታድናቸው አይጦች ከበረዶው ሥር ባለው ሣር ውስጥ እየተሹለከለኩ ይኖራሉ እንጂ ወደ ላይ አይወጡላትም። ስለዚህ አንድ ሳምንት የዘለቀ በረዶ፣ ወይም ነፋስ የቀላቀለ የማያባራ ዝናብ፣ ለእርሷ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

እኔ ባደግኩበት ገጠር ጉጉት በቤት ጣሪያ ላይ ከጮኸች መርዶ ታመጣለች ተብሎ በድንጋይ ትባረር ነበር። የገበሬውን እህል ከሚጨርሱ አይጦች ጋር ሌሊቱን ሙሉ የምትታገል ወፍ እንዲህ መጠላቷ ዛሬ እጅግ ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ ያደረግኩት ምን እንደምትበላ ማጥናት ነበር። ጉጉት ያደነችውን በአብዛኛው እንዳለ ትውጥና ጸጉሩንና አጥንቱን አድበልብላ መልሳ ትተፋዋለች፤ ትኩሱ ድብልብል ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ከአሮጌው በቀላሉ ይለያል። ከመጋዘኑ ወለል የለቀምኩትን ለብ ባለ ውሃ ነክሬ፣ በጋዜጣ ላይ ዘርግቼ በመርፌ ስፈታው፣ ከአንዱ ድብልብል ውስጥ ብቻ በርካታ ጥቃቅን የራስ ቅሎች ወጡ። ፈረንጆቹ ቮል የሚሏት፣ ጅራቷ አጭር የሆነው የሜዳ አይጥ በመንጋጋ ጥርሷ ላይ ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ በሚሄደው (ዚግዛግ) መስመር ትታወቃለች፤ ነፍሳት የምትበላዋ ሹል አፍንጫ እንስሳ ደግሞ የጥርሷ ጫፍ ቀይ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ትርጉም አለው። አንዲት የሜዳ አይጥ ከ20 እስከ 40 ግራም ስትመዝን ሹል አፍንጫዋ ከ10 ግራም ብዙም አትበልጥም፤ ስለዚህ በድብልብሉ ውስጥ ቀይ ጥርሶች እየበዙ ከመጡ ጉጉቷ ሌሊቱን ሁሉ ለፍታ ጥቂት እየበላች ነው ማለት ነው። ጉጉቷ በአንድ ሌሊት አራት ያህል የሜዳ አይጥ ያስፈልጋታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ገደማ የሚገኙትን ድብልብሎች መመርመር ከብርዱ በፊት ሁኔታዋን ለማወቅ ካገኘኋቸው መንገዶች ሁሉ የተሻለው ነው።

ቀጥሎ የመጣው የሣሩ ጉዳይ ነው፤ ከሠራሁት ሁሉ ትልቁ ዋጋ ያለውም ይኸው ይመስለኛል። የሜዳ አይጥ በታጨደ ወይም ከብት በጋጠው ሣር ውስጥ አትኖርም። የምትፈልገው ለዓመታት ሳይነካ ያደገ፣ ከሥሩ የደረቀ ሣር ተነባብሮ ሰባት ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ምንጣፍ የሠራበት መሬት ነው። የእርሻው ባለቤት፣ በዕድሜ የገፉና ጥቂት የሚናገሩ ሰው፣ ሣሩ ካልታጨደ አረም ወደ ስንዴው ይገባል የሚል ስጋት ነበራቸው። ስጋታቸውን አክብሬ፣ በቦዩ ዳር ስድስት ሜትር ስፋት ያለው መሬት ብቻ እንዲተውልኝና እርሱም ቢሆን በየዓመቱ ሲሶው እንዲታጨድ ሐሳብ አቀረብኩላቸው፤ እርሳቸውም እሺ አሉኝ። እንዲህ ሲሆን አረሙም ቁጥቋጦውም አይሰለጥንም፤ ሁልጊዜም ሁለት እጁ ሳይታጨድ ስለሚቆይ አይጦቹ መሸሸጊያ አያጡም።

ውጤቱ በአንድ ዓመት የሚታይ አይደለም፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ተስፋ ከመቁረጥ ያድናል። ምንጣፉ ከተሠራ በኋላ ግን አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ሣሩን በሁለት እጄ ስገልጠው፣ ከሥሩ አውራ ጣት የሚያስገባ ጠባብ መንገድ ወዲያና ወዲህ ተዘርግቶ፣ በየመታጠፊያው አጭር አጭር ሆኖ የተቆረጠ ለምለም ሣርና አረንጓዴ ፋንድያ ተከምሮ አየሁ። የሜዳ አይጦቹ ገብተዋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ባለው ብርድ ጉጉቷ ሲመሽ በዚያ ቦይ ዳር ዝቅ ብላ ስትመላለስ ማየት የተለመደ ሆነ። ለጉጉት ብርድ የሚደረገው ዝግጅት በኦገስትና በሴፕቴምበር፣ ማጨጃው ከመውጣቱ በፊት የሚወሰን ነገር ነው የምለው ከዚህ የተነሳ ነው።

ለጉጉቷ ማደሪያና ጎጆ የሚሆን ሳጥን መስቀሉ ከዚህ ይቀላል። በ1932 በእንግሊዝና በዌልስ 12,000 ያህል ጥንድ የጎተራ ጉጉቶች እንደነበሩ ተገምቶ ነበር፤ ከ1995 እስከ 1997 በመላው ብሪታንያ በተደረገው ቆጠራ ግን የተገኘው ወደ 4,000 ጥንድ ነው። ለመቀነሱ አንዱ ምክንያት አሮጌ የእርሻ ቤቶች መፍረሳቸውና ወደ መኖሪያነት መለወጣቸው በመሆኑ፣ ደረቅ ማደሪያ መስጠት ይጠቅማል። በዴቨን የሚገኘውና በ1988 የተቋቋመው የጎተራ ጉጉት ተንከባካቢ ድርጅት እንደሚመክረው፣ ከመግቢያው ቀዳዳ እስከ ሳጥኑ ወለል ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ሊኖር ይገባል፤ ጥልቀት በሌለው ሳጥን ውስጥ ያሉ ጫጩቶች መብረር ሳይችሉ ወደ ውጭ ይወድቃሉ። አንዱን በመጋዘኑ ውስጥ፣ ሌላውን ራቅ ብሎ ባለ ዛፍ ላይ ሰቀልን። ጎጆ የያዘችን ጉጉት ያለ ፈቃድ መረበሽ በ1981 በወጣው ሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ ከተሰቀለ በኋላ ሳጥኑን ከፍቶ ማየት የእኛ ድርሻ አይደለም።

በ2018 በፌብሩዋሪ መጨረሻ ከምሥራቅ የመጣው በረዶና ውርጭ እርሻውን ሲሸፍነው፣ ጉጉቷን በጠራራ ቀን ስታድን አየኋት። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ፎቶ ለማንሳት ይጠጋል፤ በብርድ ወራት በቀን ብርሃን የምታድን ጉጉት ግን ብዙውን ጊዜ የራባት ናትና ከርቀት መመልከት ይገባል። ለእንዲህ ያለው ቀን ብዬ ለአዳኝ ወፎች ምግብነት የሚሸጡ የሞቱ የአንድ ቀን የዶሮ ጫጩቶችን በማቀዝቀዣ አስቀምጬ ነበር። እያንዳንዱ 40 ግራም ያህል ስለሚመዝን ለአንዲት ጉጉት በሌሊት ሁለት ወይም ሦስት ይበቃታል። በረዷቸው ሙሉ በሙሉ ከሟሟ በኋላ፣ ሊመሽ ሲል፣ ነጭ ፋንድያዋ በሚታይበት የመጋዘኑ ምሰሶ አግዳሚ ላይ አስቀምጬ ወዲያው ወጣሁ። በመጀመሪያው ሌሊት አልነካቻቸውም፤ የዱር ጉጉት የሞተንና ቢጫ የሆነን ነገር ምግብ ነው ብላ ወዲያው አትቀበልም። ያልተበላውን ጠዋት እያነሳሁ ማታ ትኩስ ስተካ ግን መውሰድ ጀመረች፤ በረዶው ቀልጦ ወደ ቦዩ ዳር እስክትመለስም ቀጠልኩ። በረዶው ሲሄድ ማቆም ተገቢ ነው፤ ምግቡ ለክፉ ቀን እንጂ ለዘወትር አይደለም።

ከረሃቡ ሌላ ሰው የሚያመጣባት አደጋ አለ። የአይጥ መርዝ የበላችን አይጥ ስትበላ መርዙ በጉበቷ ይከማቻል፤ በብሪታንያ ሞተው ከሚመረመሩት የጎተራ ጉጉቶች በአብዛኞቹ ጉበት ውስጥም ይገኛል። እኛ እህሉን በተከደነ ዕቃ አስቀምጠን በወጥመድ መጠቀምን መረጥን። ዝቅ ብላ ስለምትበር በትልልቅ አውራ ጎዳናዎች ላይ መኪና ይመታታል። በከብት ውሃ ገንዳም ትሰምጣለች፤ በገንዳው ላይ የሚንሳፈፍ ሳንቃ ማኖር ግን ከዚህ ያድናታል።

የደከመች ጉጉት መሬት ላይ ለሚያገኝ ሰው የምለው ይህን ነው። በፎጣ ሸፍኖ ማንሳት፣ የአየር ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ በጨለማና በጸጥታ ማስቀመጥ፣ ምግብም ሆነ ውሃ በግድ አለመስጠትና በዚያው ዕለት የዱር እንስሳት ለሚታከሙበት ቦታ ማስረከብ ያስፈልጋል።