ምን ጠፍቷችሁ ነው?

የሥራ ባልደረባዬ አዲስ አበባ ሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ይወጣ ነበር። ደብረ ማርቆስ ሲመደብ አመሉን ይዞብን መጣ። «ዙር መንገድ ነው» አለኝ አንድ ቀን፣ ስልኩ ላይ የተጠማዘዘ መስመር እያሳየኝ። «በዚህ ትወጪያለሽ፣ በዚያ ትወርጃለሽ፣ መጨረሻ ላይ መኪናው ጋ ትመለሻለሽ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

እኔ የማርቆስ ልጅ ነኝ። እኛ አገር ሰው በእግሩ የሚሄደው ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ለቅሶ ሲኖርበት ነው። እናቴ ልጅ ሳለች ገበያ ለመድረስ ግማሽ ቀን ትሄድ ነበር። ስለ ገበያው ስታወራ ውላ ታድራለች። ስለ መንገዱ ግን አንድም ቀን አውርታን አታውቅም። የጮቄን ተራራ ደግሞ ከሩቅ እያየሁ ነው ያደግኩት። ሰሜን በኩል ሲጠቁር «ጮቄ ላይ እየጣለ ነው» እንላለን፣ በቃ። እግሬ ረግጦት አያውቅም ነበር።

ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ላይ አንድ ቅዳሜ ተነሳን። እኔ፣ ታናሽ እህቴ፣ ባልደረባዬና የተዋሰው ፒክአፕ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከተማውን ለቀን በሮብ ገበያ በኩል ሽቅብ ያዝን። ኮረኮንቹን ተዉት፣ አላወራችሁም። ባሕር ዛፉ ቀስ በቀስ አለቀ። ገብስና ድንች ብቻ ቀረ። ፀሐይ ወጥታም ጋቢውን የሚያወልቅ ሰው አልነበረም።

መኪናውን ያቆምነው አንድ የሳር ቤት አጠገብ ነው። ሽማግሌ ወጡ። የቤቱ፣ የከብቱ፣ የአዝመራው ሰላምታ ካለቀ በኋላ፣

«ወዴት ናችሁ ልጆቼ?» አሉን።

«ዞረን እንመለሳለን አባቴ።»

«ወዴት ትመለሳላችሁ?»

«እዚሁ።»

ዝም ብለው ቆዩ። «ምን ጠፍቷችሁ ነው?»

የጠፋን በቅሎ ቢሆን ኖሮ ዱላቸውን አንስተው ሊያፋልጉን ዝግጁ ነበሩ። ምንም እንዳልጠፋን ስነግራቸው ግን ግራ ገባቸው። «ኧረ ዲያ!» አሉ። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል።» ባልደረባዬ የካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ትከሻው ላይ ጭኖ ነበር። እህቴ እሱን አየችና ሳቋ አመለጣት።

ደመና ከወረደ ትጠፋላችሁ ብለው የልጅ ልጃቸውን አስከተሉን። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ቁምጣ፣ ፎጣ፣ ኮንጎ ጫማ፣ ዱላ። ከሰላምታ በቀር ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም አልተናገረም።

እኔም አልተናገርኩም፣ የኔው ግን ትንፋሽ አጥሮኝ ነው። ጮቄ ጫፉ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 60 በመቶ ገደማ ነው። ፋርማሲስት ስለሆንኩ ይህንን ለሰው ማስረዳት አያቅተኝም። ለሳንባዬ ማስረዳት ነው ያቃተኝ። ሃያ እርምጃ እሄድና ፎቶ የማነሳ መስዬ እቆማለሁ። ስልኬ ውስጥ እስከ ዛሬ ድረስ አሥራ አንድ የድንጋይ ፎቶ አለ።

እርሻው ከጠበቅኩት በላይ ሽቅብ ወጥቷል። አስታው እዚህም እዚያም ተቆራርጦ ነው የቀረው። ባልደረባዬ ስለ ደን መጨፍጨፍ ማውራት ጀመረ። ልጁ ትክ ብሎ አየው። ማለዳ ቤታቸው ደጅ ላይ የተቆለለ የአስታ እንጨት አይቼ ነበርና እኔ ዝም አልኩ። ከታች መሬት የሌለው ሰው የት ይረስ?

ከዚያ ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል መጣ። ጅብራን በስዕል ያየ ሰው አላየውም። ጭጋግ ውስጥ ሲቆም ጋቢውን ተከናንቦ ሰው የሚጠብቅ ሽማግሌ ይመስላል፣ «እንደምን አደሩ» ልል ምንም አልቀረኝም። ለዓመታት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይኖርና አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የአበባ ዘንግ ያወጣል። ዘሩን ይበትናል፣ ይደርቃል። ልጁ አንዱን የደረቀ በዱላው ነካ አደረገው። ባዶ ከበሮ ድምፅ ሰጠ።

«ይኼ ወልዶ የሞተ ነው» አለ። የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ አፉ ተፈታ። ጓሳው ውስጥ ኩልል እያለች የምትወርድ ውሃ አሳየን። መዳፌን ዘርግቼ ጠጣሁ፣ ጥርሴ ደነዘዘ። ወደ ጨሞጋ ነው የምትሄደው አለን። በከተማችን አጠገብ የሚያልፈውን ጨሞጋን ስንቴ ተሻግሬዋለሁ፣ ከየት እንደሚመጣ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። በዚህም በዚያም በኩል ብትወርዱ፣ ከጮቄ የሚነሳው ውሃ ሁሉ ማረፊያው ዓባይ ነው።

የአያቱ ተረት ሆዴ ውስጥ ቀርቶ ስለነበር ዕድሉን አገኘሁ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በጣቴ አፈር ላይ ሳልኩለት። ዓባይ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ላይ ይነሳል። ጣና ይገባል። ባሕር ዳር ላይ ይወጣና ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብ፣ በምዕራብ ይከባል። ዙሩን ሊዘጋ ነው ስትሉት ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ሱዳን ያቀናል።

«አየህ፣ ዓባይም እንደኛ ዟሪ ነው» አልኩት።

ስዕሉን ትንሽ አየው። «እሱስ አልተመለሰ» አለኝ።

ቁልቁለቱ ላይ የቀኝ ጫማዬ ሶል ተላቀቀ። ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ከፊቱ እስከ መሐሉ። በተራመድኩ ቁጥር እንደ አዞ አፉን ይከፍታል። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው እታለም» ብሎ የማለበት ጫማ ነው። ባልደረባዬ ከቦርሳው ፕላስተር አወጣ፣ የቁስል ፕላስተር!

ልጁ ዱላውን አስቀመጠና ጓሳ ነጨ። አንድ እፍኝ። እርጥቡን ከደረቁ ለየ። ለሁለት ከፈለና ባዶ ጭኑ ላይ አድርጎ በመዳፉ ወደ ፊት ገፋው። ሁለቱም ዘለላ ለየብቻ ከረረ። እጁን ወደ ኋላ ሲመልሰው ደግሞ እርስ በርስ ተጠመጠሙ። ሲሳሳ አዲስ ሳር ይጨምርበታል፣ የተጨመረበት ቦታ አይታወቅም። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ክንድ ተኩል የሚሆን ገመድ። ጫማዬን ከሥር በኩል ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ ከላይ ቋጠረውና በጥርሱ ሳበ። «ሂጂ» አለኝ። ሄድኩ።

ስልኩ ሦስት ሰዓት ያለው መንገድ አምስት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው እየጠበቁን ነበር። ቅቅል ድንች ከነልጣጩ፣ ከጎኑ ሚጥሚጣ። ይህን ያህል የጣፈጠኝን ምግብ ማስታወስ አልችልም፣ ረሃቡም አግዞ ይሆናል።

«እህ፣ ምን አገኛችሁ?» አሉን።

እግሬን አንስቼ ገመዱን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን በጣታቸው ሞከሩት። ልጁን ጠሩና «ላላ ያለ ነው» ብለው ገሠጹት። ስንነሳ ግማሽ ጆንያ ድንች ገዛን፣ በባዶ እጅ መመለሱን እሳቸውም አልወደዱትም።

ሰኞ ጫማውን ሊስትሮ ጋ ወሰድኩት። ልጁ ገላበጠውና ገመዱን ሊበጥሰው ቢስበው እምቢ አለው። በመቀስ ቆርጦ ሶሉን ለጠፈ፣ ሰፋም። ሲመልስልኝ የግራውን አነሳና በአውራ ጣቱ ተጫነው።

«ይሄም ሳምንት አይቆይም እኮ» አለኝ። «ያንን ገመድ ያሰረልሽ ሰው የት ነው ያለው?»