ጀርባው ላይ የተጻፈው

ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ያኔ ቨርጂኒያ ውስጥ የቆዩ ወረቀቶችን ስካን አድርጎ ዝርዝር የሚያዘጋጅ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። ቤተሰቦች የቅድመ አያቶቻቸውን ደብዳቤ በካርቶን ያመጣሉ። የእኔ ድርሻ እያንዳንዱን አንብቤ በሁለት መስመር መግለጫ መጻፍ ነው። ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ ስለ ምን። ጣጣ ያመጣችው «ስለ ምን» የምትለዋ ናት።

ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ደብዳቤ ፖስታ ውስጥ መክተት እምብዛም አልተለመደም። ወረቀቱ ራሱ ይታጠፍና በሰም ይታሸጋል። አድራሻው በውጭ በኩል ይጻፋል። ሲከፈት ሰሙ ወረቀቱን ቦጭቆት ይነሣል። ስለዚህ ሁሌም ጠርዙ ላይ አንድ ሁለት ቃል የበላ ቀዳዳ አለ።

ያቺ ደብዳቤ በ1801 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የተጻፈች ናት። ተቀባዩ የኮንግረስ አባል ነው። ጸሐፊው መጀመሪያ የሰውየውን ባለቤት ትኩሳት ይጠይቃል። ሁለት መስመር። ከዚያ የእህቱ ልጅ ኦሃዮ በኩል በተከፈቱት የመሬት ቢሮዎች በአንዱ መዝጋቢ ሆኖ እንዲሾምለት ይለምናል። ከዚያ ደግሞ ከቀድሞ ወታደሮች ላይ ስለገዛቸው የመሬት ወረቀቶች ያወራል። አሥራ አንድ መስመር። ቆጥሬዋለሁ።

ለማያውቅ ሰው ሁለት የማይገናኙ ጉዳዮች ይመስላሉ። ግን አንድ ናቸው። በ1800 በወጣው ሕግ ሲንሲናቲ፣ ቺሊኮቲ፣ ማሪዬታና ስቱበንቪል ላይ የመሬት ቢሮ ተከፈተ። የመንግሥት መሬት ኤከሩ (ከግማሽ ሄክታር ትንሽ ያነሰ ነው) ከ2 ዶላር ጀምሮ ይሸጥ ነበር። ከ320 ኤከር በታች አይሸጥም። ለአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ዘማቾች ደግሞ ኮንግረስ መሬት ቃል ገብቷል፤ ለተራ ወታደር 100 ኤከር። ብዙዎቹ ግን ችግር ሲጠናባቸው ወረቀቱን ለነጋዴ በርካሽ ሸጡት። እንግዲህ መዝገቡ ላይ የእህቱን ልጅ ያስቀመጠ ነጋዴ የትኛው መሬት እንደተያዘ፣ የትኛው ክፍት እንደሆነ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ይሰማል።

እኔ የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦ «ለእህት ልጅ የሹመት ልመና፤ የዘማቾች የመሬት ወረቀት ንግድ።» አለቃዬ ሰርዛ እንዲህ አለችው፦ «የግል ደብዳቤ፤ የቤተሰብ ጤንነት።»

ጠረጴዛዋ ድረስ ሄድኩ።

«ይሄ እኮ የግል አይደለም» አልኳት።

«ስለ ሚስቱ ሕመም እየጠየቀው የግል ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

«ትኩሳቱ ሁለት መስመር ነው። መሬቱ አሥራ አንድ ነው።»

«ያኔ ሁሉም ሰው እንዲህ ነበር የሚጽፈው። ሹመት በዘመድ ነው። አዲስ ነገር አይደለም።»

ይሄኛው አናደደኝ። ሁሉም እንዲህ አልነበረም። በ1789 ቡሽሮድ ዋሽንግተን ቨርጂኒያ ውስጥ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ሆኖ እንዲሾም አጎቱን ጆርጅ ዋሽንግተንን ጠይቆ ነበር። ፕሬዚዳንቱ አልሾመውም። በሹመት ጉዳይ እጅግ መጠንቀቅ እንዳለበት ጽፎ መለሰለት። የገዛ ወንድሙ ልጅ ነው! ነውር መሆኑን ያኔም ያውቁ ነበር። ይህንን ነገርኳት። «እኛ የታሪክ ዳኞች አይደለንም፤ ቤተሰቡ የሚፈልገው የቤተሰቡን ወሬ ነው» አለችኝ። ቤተሰቡ ከፋይ ነው። ገባኝ። «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

ያቺ «እሺ» ናት እስከ ዛሬ ያልወጣችልኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ስካነሩን ለሚሠሩት ጋሼ ነገርኳቸው። አዲስ አበባ እያሉ ብዙ ዘመን መዝገብ ቤት ነው የሠሩት። እንጀራቸውን ቀስ ብለው እየጎረሱ አዳመጡኝ።

«ጀርባውን አየሽው?» አሉኝ።

«አድራሻ ነው ያለው፣ ጋሼ።»

«አይ ልጄ። እኛ መዝገብ ቤት ሳለን የደብዳቤን ጉዳይ የሚነግረን የጸሐፊው ሰላምታ አልነበረም። አለቃ የመራበት ነው። ጠርዙን፣ ጀርባውን እይ።»

ሄጄ ገለበጥኩት። ከአድራሻው በታች፣ በሌላ ቀለም፣ በሌላ እጅ፣ ጥቃቅን ጽሑፍ አለ። ተቀባዩ ደብዳቤውን አንብቦ ሲያስቀምጥ የጻፈው ነው። የጸሐፊው ስም፣ ደብዳቤው የደረሰበት ቀን፣ ከዚያ አንድ ቃል፦ «መሬት።» ትኩሳት አላለም። ሰውየው ራሱ ፋይሉን መሬት ብሎ ነው የዘጋው።

የጀርባውን ፎቶ ለአለቃዬ ላክሁላት። መልስ አልመጣም። መግለጫውም አልተነካም።

እኔ ወደዚህ ሥራ ከመምጣቴ በፊት አስተርጓሚ ነበርኩ። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ጄምስ ኬሪ ከአእምሮዬ አልጠፋ አለ። ኬሪ ቼሮኪ የሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችና የአሜሪካ መንግሥት ሲነጋገሩ ያስተረጉም ነበር። በሚያዝያ 1797 የቴነሲው ሴናተር ዊልያም ብላንት ደብዳቤ ጻፈለት። ብላንት ሕገ መንግሥቱ ላይ ከፈረሙት አንዱ ነው። እጅግ ብዙ መሬት ሰብስቦ ዋጋው ወድቆበት በዕዳ ተይዞ ነበር። ሉዊዚያናና ፍሎሪዳ ከስፔን ወደ እንግሊዝ እጅ እንዲገቡ ያሤረው የመሬቱ ዋጋ እንዲያንሰራራለት ነው። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አንብብና አቃጥለው አለው። ኬሪ አላቃጠለውም። ደብዳቤው እጅ በእጅ አልፎ ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ዘንድ ደረሰ። ሐምሌ 3 ቀን ፊላዴልፊያ ላይ በሴኔቱ ፊት ተነበበ። ሐምሌ 8 ቀን ብላንት በ25 ለ1 ድምፅ ተባረረ።

ያም የግል ደብዳቤ ነበር። አንድ ሰው ለሚያውቀው ሰው የጻፈው። አንድ የመዝገብ ሠራተኛ ከላይ ያለውን ሰላምታ ብቻ አይቶ «የግል» ብሎ ቢዘጋው ኖሮ እያልኩ አስብ ነበር።

ከስምንት ወር በኋላ አንዲት ተማሪ ጥያቄ ላከች። ኦሃዮ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ የመሬት ቢሮ ሠራተኞች በማን ደጅ ጥናት እንደተሾሙ ነበር የምታጠናው። በስብስቡ ውስጥ ስለ መሬት የሚያወራ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ዝርዝሩ ላይ «መሬት» ተብሎ ተፈለገ። ምንም አልመጣም። «የለም» የሚል ጨዋ መልስ ተላከላት። ግልባጩ ለእኔም ደረሰኝ።

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። የቤት ኪራይ አለብኝ፣ ልጅ አለኝ፣ አለቃዬ ደግሞ በዚያው ወር የሥራ ግምገማዬን ትሞላለች። በሦስተኛው ቀን የካርቶኑን ቁጥር፣ የፎልደሩን ቁጥር፣ የጀርባውን ፎቶ አድርጌ ለአለቃዬ እንደገና ጻፍኩላት። በዚህ ጊዜ ለበላይዋም ግልባጭ አደረግሁ። በሳምንቱ መግለጫው ተስተካክሎ አገኘሁት። ቃል በቃል የእኔው ነበር። ስለ ጉዳዩ ማንም ምንም አልነገረኝም።

ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል። እኔም ከዚያ ቤት ለቅቄያለሁ። አሁን የትኛውንም ደብዳቤ ስቀበል መጀመሪያ የምገለብጠው ጀርባውን ነው።

ለተማሪዋ ግን፣ እዚያ እስከቆየሁበት ጊዜ ድረስ፣ ሁለተኛ መልስ አልተላከም። ጥያቄዋ የገባበት ቀን ደብተሬ ላይ አለ። ከሥሩ «መሬት» ብዬ ጽፌበታለሁ።